ፊልሙ የሚጠብቀው ማንን ነው?

ሰባ ሦስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ አንድ ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጬ አይቼ አላውቅም ነበር። ቴሌቪዥን በቤታችን አለ፤ ዜናውን እሰማለሁ፤ ልጆቹ ሲያዩም በአጠገባቸው አልፋለሁ። ነገር ግን መጋረጃ ተዘግቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ግድግዳ ዞሮ ዝም ሲል ከመካከሉ ተቀምጬ አላውቅም። አሁን አንድ ዓመት ሆነኝ። በሰፈራችን ባለው ሞአዶን፣ ማለት በሽማግሎችና በባልቴቶች መዋያ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ፊልም ይታያል። አንዲት የሰፈራችን ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ ፊልሙን ትመርጣለች፤ የማንሰማው ቋንቋ ሲሆን ጮክ ብላ በአማርኛ ትነግረናለች። ቆጥሬያለሁ፤ ሠላሳ አንድ ፊልም አይቻለሁ። ከእነዚያ ውስጥ የሰባቱን ነገር ልጽፍ ነው።

እኔ ስለ ፊልም የተማርኩት ነገር የለም። የተማርኩት ሌላ ነው። ያደግሁት በጎንደር፣ በወገራ ነው። ፊደል የቆጠርኩት፣ ኦሪቱንና ዳዊቱን ያነበብኩት ከቄስ እግር ሥር ነው። ያን ጊዜ በመስጊዳችን ቄሱ በግዕዝ ያነባሉ፤ ሕዝቡ ግዕዝ አይሰማምና ያነበቡትን መልሰው በአማርኛ ይነግሩታል። እኛ ተማሪዎቹ ሁለቱንም ስለምንሰማ የቱን ቃል እንዳለፉት፣ የቱ ላይ እንደቆዩ እናውቅ ነበር። አንባቢ የሚታወቀው በሚዘገይበት ቦታ ነው። የድኻውን ነገር እየሮጠ አንብቦ የንጉሡ ነገር ላይ ሲደርስ የሚንዛዛ አንባቢ፣ ድምፁ ቢያምርም ልቡ የት እንዳለ ይታወቅበታል።

ሁለተኛው ትምህርቴ መንገድ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1984 ከወገራ ተነሥተን በአርማጭሆ ቆላ አድርገን በእግራችን ሱዳን ገባን። ሌሊት እንሄዳለን፤ ቀን ጫካ ውስጥ እንሸሸጋለን። በዚያ መንገድ ላይ መንገድ መሪ ጥሩ ነው የሚባለው አቅጣጫ ስለሚያውቅ ብቻ አልነበረም። ነፍሰ ጡሯን ምጥ ሲይዛት፣ ሽማግሌውን ጉልበቱ ሲከዳው፣ ሕፃኑ ውኃ ውኃ ሲል ምን ያደርጋል? ቆሞ ይጠብቃል ወይስ ጥሎ ይሄዳል? ሰው የሚመዘነው በዚህ ነበር። በቋንቋችን መጠበቅ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ነው፤ ቆሞ መቆየትም መጠበቅ ነው፣ ክፉ እንዳያገኘው መከለልም መጠበቅ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ግን ሁለቱ አንድ ነበሩ። እንግዲህ ፊልም ሳይ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ይህ ፊልም የሚጠብቀው ማንን ነው? ጥሎት የሚያልፈውስ ማንን?

መጀመሪያ ያየነው የቻርሊ ቻፕሊንን ነው፤ በ1925 የተሠራውን፣ ወርቅ ፍለጋ በረዶ አገር ስለሄዱ ሰዎች የሚናገረውን። ልጅቷ እርሱን የመረጠችው ንግግር ስለሌለው ነው፤ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ሰውየው በበረዶ ውስጥ ባለች ጎጆ ተዘግቶበት ሲርበው ጫማውን ቀቅሎ ይበላል። የጫማውን ማሰሪያ እንደ ፓስታ ይጠቀልላል፤ ምስማሩን እንደ አጥንት ይመጠምጣል። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ሲበርድ ግን አንዲት ባልቴት ከኋላ፣ «በክፉ ቀን ቆዳ ቀቅለው በልተዋል፤ አያቴ ነግረውኛል» አሉ። ከዚያ ዝም ተባለ። ልብ ያልኩት ነገር ይህ ነው። ቻፕሊን ቸኩሎ አይውጥም። በሥርዓት ይቆርሳል፤ ለጓደኛው ያካፍላል፤ እንደ ጨዋ እንግዳ ተቀምጦ ይበላል። ፊልሙም እስኪጨርስ ይጠብቀዋል። ረኃብን አይተናል፤ በቴሌቪዥን የሚያሳዩትን ረኃብ ደግሞ ከዚያ በኋላ አይተናል፤ ዝንብ የወረረው ፊት ብቻ ነው። ይህ ቀልደኛ ሰውዬ ግን የተራበ ሰው ክብር እንዳለው ያውቃል። አንድ ቃል ሳይናገር ያን ስለነገረን ከሁሉ በፊት እርሱን አመሰግናለሁ።

ቀጥሎ ሁላችንም የናፈቅነው መጣ፤ «አሥርቱ ትእዛዛት»፣ በ1956 በአሜሪካ የተሠራው፣ ሲሲል ደሚል ያዘጋጀው። ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ነው፤ በሁለት ማክሰኞ ጨረስነው። ባሕሩ ሲከፈል ባልቴቶቹ እልል አሉ። እኔም ደስ ብሎኛል፤ በልጅነቴ በጆሮዬ የሰማሁትን በዓይኔ አየሁት። ነገር ግን ኦሪቱን የሚያውቅ ሰው ሊጠይቅ ይገባዋል። በኦሪት ሙሴ አፉ የሚከብደው፣ ተናገር ሲባል ሌላ ሰው ላክ የሚል ሰው ነው። በፊልሙ ግን ቻርልተን ሄስተን የሚባለው ተዋናይ፣ ቃል የማይከብደው፣ ገና ሲነሣ የጦር አለቃ የሚመስል ነው። ገና በመጀመሪያው ላይ ሙሴ ኢትዮጵያን ድል አድርጎ፣ ንጉሡንና የንጉሡን እኅት ይዞ ወደ ፈርዖን አደባባይ ሲገባ ያሳያሉ። ይህ በኦሪት የለም። በኦሪት ዘኁልቁ ያለው ሌላ ነው፤ ሙሴ ኢትዮጵያዊት አገባ ነው የሚለው። ማግባትና ማሸነፍ አንድ አይደሉም።

ያው ምዕራፍ ደግሞ ሌላ ነገር ይነግረናል። ማርያም የሙሴ እኅት በዚያች ኢትዮጵያዊት ምክንያት ወንድሟን አማች፤ በለምጽ ተመታች፤ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተቀመጠች። ሕዝቡስ ምን አደረገ? እርስዋ እስክትመለስ ድረስ ከቦታው አልተነቃነቀም። ያን ሁሉ ሕዝብ አስቡት፤ በምድረ በዳ፣ አንዲት የታመመች ሴት ሰባት ቀን ጠበቀ። ቄሳችን ሲያነቡልን ከባሕሩ መከፈል ይልቅ እዚህ ላይ ይዘገዩ ነበር። በፊልሙ ይህ የለም። ለባሕሩ ጊዜ አለው፤ ለማርያም ግን የለውም። ደግሞ ለመፍረድ እንዳልቸኩል፣ አንድ ነገር አለ። ሕዝቡ ከግብፅ ሲወጣ አንድ ሊሞት የደረሰ ሽማግሌ የበለስ ችግኝ ታቅፎ ይታያል፤ በተስፋይቱ ምድር ሊተክለው ነው። ፊልሙ በዚያ ሁሉ ሰልፍና ጩኸት መካከል ቆም ብሎ ያየዋል። ከሦስት ሰዓት ከአርባው ደቂቃ ውስጥ ለእኔ የቀረችልኝ እርስዋ ናት።

ከግብፅ መውጣት አልፎ የእኛ መውጣት ደረሰ። «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ይባላል፤ ጊዴዎን ራፍ ያዘጋጀው፣ በ2019 የወጣ ነው። የሞሳድ ሰዎች በሱዳን ጠረፍ፣ ዓሩስ በሚባል ቦታ፣ የቱሪስት መዝናኛ ከፍተን ነው እያሉ ወገኖቻችንን ሌሊት በባሕር ያወጡበትን ታሪክ ይዞ ነው የተነሣው። ነገሩ የተፈጸመ ነው። እነዚያ ሰዎች ነፍሳቸውን አሲዘው ነው የመጡልን፤ ውለታቸውን የሚዘነጋ ከመካከላችን የለም። ፊልሙን ግን እንደ ፊልም ልናገረው።

በዚህ ፊልም ውስጥ እኛ ሁልጊዜ ተጭነን ነው ያለነው። በመኪና ተጭነን፣ በጀልባ ተጭነን፣ ከጨርቅ ሥር ተደብቀን። ስንጫን እንታያለን፤ ስንራመድ ግን ብዙ አንታይም። ሰላዮቹ ከቱሪስቶቹ ጋር ሲቀልዱ ፊልሙ ይጠብቃቸዋል፤ የሐሰት ሆቴል እውነተኛ እንግዳ ሲመጣበት የሚሆነው ያስቃልና ይቆይበታል። ከእኛ ወገን ስም ያለው ሰው ከበደ የሚባለው ነው፤ ማይክል ዊሊያምስ የሚባል አሜሪካዊ ተዋናይ ሆኖታል፤ ጎበዝ ተዋናይ ነበር። ያ ሰው በፈረደ አክሉም አርአያ የተሠራ ነው። ፈረደ አስቀድሞ ሱዳን ገብቶ መንገዱን የከፈተልን ሰው ነው። ታዲያ በፊልሙ ከአለቃው ጎን የሚቆም ረዳት ሆኖ ቀረ። በየሰፈሩ ስም እየመዘገቡ፣ ሌሊት ሰው እየቀሰቀሱ፣ ቢያዙ የሚገረፉት «ኮሚቴዎች» የምንላቸው ወጣቶች የት አሉ? ፊልሙ የተቀረፀው በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ ሱዳን ሄዶ መቅረፅ ቀላል አይደለም። ነገር ግን የመሬቱን መልክ ቢያጡት እንኳ የሰውየውን እግር ማሳየት ይችሉ ነበር። የቆሰለ እግር በየትም አገር አንድ ነው።

ይህ ለምን ያሳስበኛል? የልጄ ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ፣ «አባባ፣ አንተ የትኛው ጀልባ ውስጥ ነበርክ?» አለኝ። እኔ በጀልባ አልመጣሁም። ከካምፕ በአውቶቡስ ሌሊት ወደ ካርቱም፣ ከካርቱም በአውሮፕላን በብራስልስ በኩል ነው የመጣሁ፤ የሙሴ ዘመቻ በሚባለው። ነግሬዋለሁ፤ ሰምቶኛል። ግን ጀልባውን በዓይኑ አይቷል፤ የእኔን በጆሮው ብቻ ነው የሰማው። ዓይንና ጆሮ ሲጣሉ የሚረታው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ብዙ ያወዛገበን ፊልም ራዱ ሚሃይሌአኑ የሚባል፣ በሮማንያ ተወልዶ በፈረንሳይ የሚኖር አይሁዳዊ የሠራው ነው። ስሙ በፈረንሳይኛ «ቫ፣ ቪ ኤ ዴቭየን» ነው፤ ሂድ፣ ኑር፣ ሁን ማለት ነው። የወጣው በ2005 ነው። አንዲት ክርስቲያን እናት በሱዳን ካምፕ ውስጥ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ከሞት ለማዳን ከቤተ እስራኤል ሰልፍ ውስጥ ትከተዋለች። ሀና የምትባል ቤተ እስራኤላዊት ልጇ በዚያው ቀን ሞቶባት ነበርና ይህን ልጅ እንደ ልጇ አድርጋ ትወስደዋለች። ሽሎሞ ይባላል። እዚህ አገር ይደርሳል፤ ሀናም ትሞታለች፤ ሌላ ቤተ ሰብ ያሳድገዋል። ምሥጢሩን ይዞ ያድጋል።

በዚህ ፊልም ውስጥ እውነት የሆነ ብዙ ነገር አለ። ሕፃኑ መጀመሪያ ሲታጠብ ውኃው በጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ አይቶ ይደነግጣል፤ ሊያቆመው ይሞክራል። ውኃ እየፈሰሰ ሲጠፋ! የሞአዶኑ ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ለእናቱ ደብዳቤ ሊጽፍ ወደ ቄሱ የሚሄድበትም አለ፤ ቄሱ ምሥጢሩን ያውቃሉ፤ አይኰንኑትም። ቄስ ሕግ የሚያነብ ብቻ ሳይሆን ሰውን የሚሸከምም እንደሆነ ያወቀ ሰው ነው ይህን የሠራው። ደግሞ ያችን በሱዳን የቀረችውን እናት ፊልሙ አይረሳትም፤ ልጁ አድጎ፣ ሐኪም ሆኖ እስኪያገኛት ድረስ ይጠብቃታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከእኛ አንዳንዶቹ ግን ተቆጡ። የእኛ ታሪክ በዓለም ሁሉ ሲታይ ባለታሪኩ ለምን የእኛ ያልሆነ ልጅ ሆነ አሉ። እኔ በዚህ አልቆጣም። እናት እናት ናት፤ ያቺ ሴት ያደረገችውን የሚኰንን ሰው በኡም ራኩባ አልነበረም ማለት ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የሞተው ልጅስ? የሀና ልጅ በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ይሞታል፤ ከዚያ ስሙ ለሌላው ይሰጣል፤ ፊልሙ ይሄዳል። ማን አጠበው? ማን ቀበረው? በሕጋችን ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ለብቻው ይቀመጣል፤ ከሰውም አይቀላቀልም። በሱዳን ካምፕ ሰው በየቀኑ ሲሞት ይህን ሸክም የተሸከሙ ሰዎች ነበሩ። ማንነታችን እንዳይታወቅ እንኳን ሥርዓቱን፣ ልቅሶውንም እንደብቅ ነበር። ልጁን የቀበረው ሰው አፈሩን ከእጁ ሳያራግፍ ወደሚቀጥለው ይጠራል። በመንገድና በካምፕ አራት ሺህ ያህል ሰው ሞቷል ይባላል፤ መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ላይ ቆሟል። እኔም በኡም ራኩባ የቀበርኩት ልጅ አለኝ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ በቤታችን ይታወቃል። ፊልሙን ሳይ ዓይኔ ከዳነው ልጅ ጋር አልሄደም፤ እዚያው ቀረ። ለአንዲት ደቂቃ ያህል እንኳ ፊልሙ ከእኔ ጋር ቢቀር ኖሮ የተሻለ ፊልም ይሆን ነበር እላለሁ። የዳነው ልጅም ዕድሜውን ሙሉ የተሸከመው የማንን ስም እንደሆነ ተመልካቹ ያውቅ ነበር።

አሁን ወደማትጠብቁት አገር ልውሰዳችሁ፤ ወደ ሮማ። «የብስክሌት ሌቦች» የሚባለው የጣልያን ፊልም በ1948 ቪቶሪዮ ዴ ሲካ የሠራው ነው። ጣልያን ሲባል እኛ የምናውቀው በአምስቱ ዓመት የመጣውን ነው፤ አባቶቻችን ከነገሩን። እንግዲህ ያ ጦርነት ካለቀ በኋላ ድኻው ጣልያን እንዴት እንደኖረ በዚህ አየሁ። አንቶኒዮ የሚባል ሥራ ፈት ሰው በመከራ ሥራ ያገኛል፤ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ። ለሥራው ብስክሌት ያስፈልጋል፤ ብስክሌቱ ግን በመያዣ ተይዟል። ሚስቱ የአልጋ አንሶላቸውን ገፍፋ ወስዳ በመያዣ ታስይዝና ብስክሌቱን ታስለቅቃለች። አንሶላውን የተቀበለው ሰው ሊያስቀምጠው መደርደሪያው ላይ ሲወጣ፣ ሲወጣ፣ እስከ ጣራው የሌላ ሰው አንሶላ ብቻ ተደርድሮ ታያላችሁ። አንድ ቃል አልተነገረም። የአንድ ከተማ ድህነት በአንድ መሰላል ተነገረ።

በመጀመሪያው የሥራ ቀን ብስክሌቱ ይሰረቃል። ከዚያ አባትና ትንሽ ልጁ ብሩኖ ከተማውን ሁሉ ይዞራሉ። እዚህ ላይ ነው የአሠራሩ ጥበብ። አባትየው አይጠብቅም። ዓይኑ ብስክሌት ላይ ነው፤ ልጁ በዝናብ ሲወድቅ አላየም፤ መንገድ ሲሻገር መኪና ሊገጨው ሲል አላየም። ፊልሙ ግን ያያል። አባት የማይጠብቀውን ልጅ ፊልሙ ይጠብቀዋል። በመጨረሻ አባት ተስፋ ቆርጦ ራሱ ብስክሌት ሊሰርቅ ሲሞክር ይያዛል፤ ሰው ተሰብስቦ ይመታዋል፤ ልጁ ያያል። ባለብስክሌቱ የልጁን ፊት ተመልክቶ ይተወዋል። ከዚያ ሁለቱ ይሄዳሉ፤ አባት ያለቅሳል፤ ልጁም የአባቱን እጅ ይይዛል።

አባት በልጁ ፊት ሲዋረድ ምን እንደሆነ እኛ ስደተኞች እናውቃለን። እዚህ አገር እንደመጣን ልጆቻችን ቋንቋውን ቀድመውን ያዙ። አንድ ቀን አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ሲያስተረጉምልኝ፣ ጸሐፊዋ ረዘም አድርጋ አንድ ነገር ተናገረች። ልጄ ቀይ ፊት ሆኖ፣ «ነገ ኑ ትላለች» አለኝ። ያለችው ያ ብቻ እንዳልሆነ ድምፅዋ ይነግረኛል። እርሱም እንዳወቅሁ አወቀ። እጄን ይዞኝ ወጣን። ከሮማ ሰው ጋር የሚያገናኘኝ ነገር የለም፤ ሃይማኖቱ ሌላ፣ መልኩ ሌላ፣ አገሩም ወራሪያችን የነበረ አገር። ነገር ግን በዚህ ዓመት ካየኋቸው ሁሉ የእኔን ነገር የነገረኝ ይህ ነው። አንቶኒዮን የሆነው ሰውም ተዋናይ ሳይሆን የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር አሉ። እጁን አይቼ ገምቼ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው «አሊም አዱሚም»፣ ቀያይ ቅጠሎች፣ የመጣው። ባዚ ጌቴ የሚባል የእኛው ልጅ በ2014 ያወጣው ነው። መሰጋኖ የሚባል የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ፣ ከኢትዮጵያ ከመጣ ሃያ ስምንት ዓመት የሆነው፣ ሚስቱ ስትሞት ቤቱን ሸጦ ከልጆቹ ዘንድ ሊኖር ይሄዳል። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው። በሼክስፒር ንጉሥ ሊር መንገድ የተሠራ ነው ብላ ልጅቷ አጫወተችን፤ መንግሥቱን ለልጆቹ አካፍሎ ማደሪያ ያጣ ንጉሥ። ሽማግሌውን የሆኑት ደበበ እሸቱ ናቸው፤ በኢትዮጵያ ቴአትር ስመ ጥር የሆኑት።

ይህ ፊልም ሽማግሌውን ይጠብቃል። መሰጋኖ ንግግር አያበዛም፤ ፊልሙ ዝም ሲል ዝም ይላል። ደግሞም ቅዱስ አላደረገውም፤ ያ ደስ አለኝ። ግትር ነው። በልጆቹ ቤት የድሮው ሥርዓት እንዲቆም ይፈልጋል። ልጆቹም ክፉዎች አይደሉም፤ የቸኮሉ ናቸው። እኛ ሽማግሎች ፊልም ውስጥ ስንገባ ብዙ ጊዜ ወይ ነጭ ለብሰን የምንመርቅ ነን፣ ወይ ጥግ ይዘን የምናለቅስ። እዚህ ግን ሰው ነን፤ የሚያጠፋም የሚጎዳም።

በዚህ ፊልም ቀን ሌላ ነገር ሆነ። አማርኛው ሲነገር እኛ ሰማን፤ ያቺ አስተርጓሚያችን ግን ቃሉ ሲከብዳት ከሥር የሚሮጠውን ዕብራይስጥ ማንበብ ጀመረች። ከፊልሙ በኋላ፣ «ከሥር ያለው ሁሉንም ይናገራል?» አልኳት። አይናገርም። ዕብራይስጥ «አንቱ» የለውም። ምራት አማቷን «አንቱ» ብትል፣ «አንተ» ብትል ከሥር የሚጻፈው አንድ ነው። በአማርኛ በዚያች አንዲት ፊደል ውስጥ ክብር ይሰጣል፣ ክብርም ይነሣል። ልጆቻችን በዕብራይስጥ ብቻ ካዩት አባት ለምን እንደተቆጣ አያውቁም፤ በከንቱ የተቆጣ ይመስላቸዋል። በዚህ ፊልም ያጣሁት ግን አለ፤ እርሱም ሳቅ ነው። የእኛ ሽማግሌ በኀዘኑ ውስጥ እንኳ ሰምና ወርቅ ይናገራል፤ ቡና ላይ ይቀልዳል። መሰጋኖን ያገኘው ብቸኝነት እውነት ነው፤ ግን ብቸኛ ሰውም ይስቃል።

የመጨረሻው ዓለምወርቅ ዳቪዲያን የምትባል፣ አዲስ አበባ የተወለደች ልጃችን በ2018 ያወጣችው «የበለስ ዛፍ» ነው። ጊዜው 1989፣ ቦታው አዲስ አበባ፣ የደርግ ጦርነት ሊያልቅ ሲል ነው። ሚና የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከአያቷና ከወንድሟ ጋር ወደ እስራኤል ለመሄድ ትጠባበቃለች። የምትወደው ልጅ ኤሊ ግን ክርስቲያን ነው፤ ከአፈሳ ሸሽቶ ጫካ ውስጥ ተደብቋል። አፈሳ የሚለውን ቃል ለወጣቶቹ እኛ ነን ያስረዳናቸው፤ ልጅን ከመንገድ እንደ እህል አፍሶ ወደ ጦር ሜዳ መጫን ማለት ነው። ሌሎቹ ፊልሞች የሚሄደውን ሰው ይከተላሉ። ይህች ልጅ ግን የሚቀረውን ጠበቀች። እኛ ከወገራ ሌሊት ስንወጣ የቀሩ ጎረቤቶች አሉን፤ ደግ የዋሉልን፤ ደህና ሁኑ ያላልናቸው። ወሬው እንዳይወጣ ብለን ነው። የእነርሱን ነገር በፊልም አያለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

እንግዲህ የዓመቱ ድምር ይህ ነው። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት፣ ስለ እኛ የተሠራ ፊልም ጥሎን ሊያልፍ ይችላል፤ ስለ እኛ ምንም የማያውቅ ጣልያን ደግሞ ሊጠብቀን ይችላል። ስለዚህ አንድ ፊልም ስለ ማን ነው ከማለት በፊት ከማን ጋር ይቆያል ብላችሁ ጠይቁ። ለእናንተ ፊልም ለምትሠሩ ልጆቻችን የምለው አለኝ። አባትና እናቶቻችሁን ስትጠይቁ የመጣንበትን ቀን ብቻ አትጠይቁ። መንገዱ ላይ ማን ለማን እንደቆመ ጠይቁ፤ ማን እንዳልቆመም ጠይቁ፤ እርሱም አለ። ቸኩላችሁ አትጠይቁ። ከእኛ ወገን ሱዳንን በእግሩ የሄደው ሰው በየዓመቱ እያነሰ ነው፤ በልቅሶ ቤት ተገናኝተን እርስ በርስ እንቆጣጠራለን።

ለሽማግሎች ጓደኞቼም የምለው አለ። ከልጆቻችሁ ጋር ተቀመጡና እዩ። ሲያልቅ ግን ተነሥታችሁ አትተኙ። ያ እንዲህ አልነበረም፣ ያ ልክ ነው፣ ያንን ግን ረሱት በሉ። ባታውቁበት እንኳ ልጁ ፊልሙን ያየበት ሌሊት የእናንተን ቃል አብሮ ያድርበት።

እኔ ማየት የምፈልገው ፊልም ገና አልተሠራም። በአርማጭሆ በረሃ አንዲት ሴት ምጥ ይዟት አንድ ሙሉ መንገደኛ፣ ሽፍታ እየፈራ፣ ውኃው እያለቀበት፣ እስክትገላገል ድረስ ቁጭ ብሎ ሲጠብቃት ያየሁበት ቀን አለ። ሕፃኒቱ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ያን ቀን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያሳይ ፊልም የሚሠራ ልጅ ካለ፣ እግዚአብሔር ለእርሱ ጥበቡን፣ ለእኔም እስካየው ዕድሜውን ይስጠን።